ወድቆ መነሣትና እስከ መጨረሻ መጽናት



በየቁምስናዎቻችን ከሚነሡት የሕሊና ጥያቄዎች መካከል አንዱ ሲሰሙት ቀላል የሚመስል፥ ሲያስቡት ግን የብዙዎችን ነፍስ የሚያስጨንቅ ነው። ጥያቄውም ይህ ነው፤ አንድን ኃጢአት ደጋግሞ የሚሠራና ስለዚያው ኃጢአት ደጋግሞ ንስሐ የሚገባ ሰው ንስሐው እውነተኛ ነውን? ወይስ በእግዚአብሔር ምሕረት ላይ ይቀልዳል?

ይህን የሚጠይቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ለክርክር ብሎ አይጠይቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ በእንባ፥ ለሁለተኛ ጊዜ በኀፍረት፥ ለሦስተኛ ጊዜ በማመንታት ከካህኑ ፊት የቀረበ ሰው ነው። በአራተኛው መቅረቡን ይተወዋል። ኑዛዜውን ከተወ በኋላ ወደ ቅዱስ ቁርባን መሄድ ይከብደዋል፤ ከቅዱስ ቁርባን ከራቀ በኋላ በቅዳሴ ጊዜ ከኋላ መቆም ይጀምራል፤ ከኋላ መቆም ከጀመረ በኋላ አንድ እሑድ ይቀራል፤ ቀጥሎም ሁለት እሑድ። ሃይማኖቱን የካደበት ቀን የለም፤ ከቤተ ክርስቲያንም ያባረረው ሰው የለም። ያራቀው ኀፍረት ነው። እንግዲህ ስለ ክርስቲያናዊ ጽናት ስንናገር፥ በእሳትና በሰይፍ ተፈትነው ስላለፉት ሰማዕታት ብቻ ሳይሆን፥ በጸጥታ እየራቀ ስላለው ስለዚህ ወንድማችንም ልንናገር ይገባናል።

ጥያቄው አዲስ አይደለም

ቤተ ክርስቲያን ይህን ጉዳይ ገና በልጅነት ዘመኗ በታላቅ ሥቃይ መርምራዋለች። በ250 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሮማ ንጉሠ ነገሥት ዳኬዎስ በግዛቱ የሚኖሩ ሰዎች ለአማልክት እንዲሠዉ አዘዘ። የሠዋ ሰው መሠዋቱን የሚመሰክር ወረቀት ከሹማምንቱ እጅ ይቀበል ነበር። ከእነዚህ የፓፒረስ ወረቀቶች መካከል ከአርባ የሚበልጡት በግብፅ ምድር ሳይጠፉ ቆይተው፥ ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ተገኝተዋል። በእነርሱም ላይ ባለ ወረቀቱ ዘወትር ለአማልክት ሲሠዋ እንደ ኖረ፥ አሁንም በተሾሙት ሰዎች ፊት እንደ ሠዋና ከመሥዋዕቱ እንደ ቀመሰ ተጽፎ፥ የምስክሮች ፊርማ ይታይበታል።

በዚያ ስደት ብዙዎች ጸንተው በእስር ቤት ሞቱ፤ የወደቁት ግን ከእነርሱ እጅግ የበዙ ነበሩ። በሰሜን አፍሪቃ፥ በዛሬዋ ቱኒዚያ ምድር የነበረችው የካርታጎ ከተማ ጳጳስ ቅዱስ ቆጵርያኖስ እንደሚተርክልን፥ አንዳንዶች ሳይገደዱ በመጀመሪያው ቀን ራሳቸው ወደ መሠዊያው ሮጡ። አንዳንዶች ከብዙ ሥቃይ በኋላ ዕጣን አጠኑ። ሌሎች ደግሞ ሳይሠዉ ለሹሙ ገንዘብ ከፍለው ወረቀቱን ብቻ ገዙ፤ በልባቸውም «እጃችን አልረከሰም» አሉ።

ስደቱ በ251 በረደ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በዚያው ዓመት በጦር ሜዳ ሞተ። በዚያን ጊዜ የወደቁት ተመልሰው ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሙ። ምን ይደረግላቸው? ሁለት ወገኖች ተነሡ። አንደኛው ወገን ያለ ምንም ንስሐ ወዲያውኑ ወደ ቅዱስ ቁርባን ይቅረቡ አለ። ሁለተኛው ወገን፥ በሮማ ካህኑ ኖቫቲያኖስ የመራው፥ ቤተ ክርስቲያን የንጹሓን ማኅበር ናትና የካዱት እስከ ዕለተ ሞታቸው ዕርቅ አያገኙም አለ።

ቆጵርያኖስና በ251 በካርታጎ የተሰበሰቡት ጳጳሳት ሁለቱንም መንገድ አልተከተሉም። የእያንዳንዱ ሰው አወዳደቅ ይመርመር አሉ። ወረቀት ብቻ የገዛው ከሠዋው ጋር አንድ አይደለም፤ በሥቃይ የተሸነፈው በገዛ ፈቃዱ ከሮጠው ጋር አንድ አይደለም። ነገር ግን የንስሐ በር ለማንም አይዘጋም፤ ማንም ደግሞ ያለ ንስሐ አይገባበትም። በሮማም ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቆርኔሌዎስ በዚሁ ዓይነት ፈረዱ። ከሰባ ዓመታት በላይ ካለፉ በኋላም በ325 የተሰበሰበው የኒቅያ ጉባኤ፥ ራሳቸውን «ንጹሓን» ብለው ከሚጠሩት የኖቫቲያኖስ ተከታዮች መካከል የሚመለሱ ካህናት፥ በስደት ጊዜ ወድቀው ንስሐ ከገቡት ጋር አንድነት እንዲኖራቸው በጽሑፍ ቃል እንዲገቡ ደነገገ። እንግዲህ ከተመለሰው ኃጢአተኛ ጋር በአንድ ማዕድ ለመቅረብ እምቢ ማለት ራሱ ከአንድነት የሚያርቅ ጥፋት ሆኖ ተቈጠረ።

ምግቡ ለማን ነው?

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ስደት እንደሚመጣ በታወቀ ጊዜ የካርታጎ ጳጳሳት እንደገና ተሰብስበው፥ በንስሐ ላይ የነበሩትን ሁሉ የተወሰነላቸው የንስሐ ጊዜ ሳያልቅ ወደ ቅዱስ ቁርባን እንዲመለሱ ወሰኑ። ምክንያታቸው ምን ነበር? ኃጢአቱ ቀላል ሆኖ ስለ ታያቸው አልነበረም። የሚመጣውን ውጊያ የሚዋጋ ሰው ያለ ስንቅና ያለ ጋሻ ወደ ጦር ሜዳ አይላክም ብለው ነው። ደማቸውን ስለ ክርስቶስ እንዲያፈስሱ የምንጠይቃቸውን ሰዎች አስቀድመን ከክርስቶስ ጽዋ ልንከለክላቸው አንችልም አሉ።

ይህ ውሳኔ ለጥያቄያችን ትልቅ ብርሃን ይሰጠዋል። እኛ ብዙውን ጊዜ ነገሩን ገልብጠን እናስባለን። «መጀመሪያ ልጠንክርና ከዚያ በኋላ እቀርባለሁ» እንላለን። ይህም በሽተኛ «ከዳንሁ በኋላ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ» እንደ ማለት ነው። ምሥጢረ ንስሐና ቅዱስ ቁርባን ላሸነፉት የሚሰጡ ሽልማት ብቻ አይደሉም፤ ገና ለሚዋጉት የሚሰጡ ኃይል ናቸው። በከባድ ኃጢአት የወደቀ ሰው በንስሐ ሳይታጠብ ወደ ቅዱስ ቁርባን እንደማይቀርብ ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች፤ ይህም እርሱን ለማራቅ ሳይሆን በንስሐው በር እንዲገባ ለመጥራት ነው። በሩ ተከፍቶ ሳለ ደጅ የሚቀር ሰው ሥርዓቱን ያከበረ ቢመስለውም ራሱን በረኃብ ይጐዳል።

ታሪኩም ይህን ያረጋግጣል። በዳኬዎስ ስደት ከወደቁት መካከል ዳግመኛ ሲፈተኑ ጸንተው፥ ንብረታቸውን አጥተው የተሰደዱ ሰዎች ነበሩ። እነዚህን «ካሕድያን» ብለን እንጥራቸውን ወይስ «ጽኑዓን»? ጴጥሮስም በቀያፋ ግቢ ሦስት ጊዜ ካደ፤ ይሁዳም አሳልፎ ሰጠ። ሁለቱም ተጸጸቱ፤ ይሁዳ እንዲያውም ብሩን መልሷል። ልዩነቱ ጴጥሮስ ጌታ በሚያየው ስፍራ መቆየቱ ነው። በጥብርያዶስ ባሕር ዳርም ጌታ እንደ ካደው ቍጥር ሦስት ጊዜ ስለ ፍቅሩ ሲጠይቀው አፍሮ አልሸሸም፤ አዝኖ መለሰ።

እንግዲህ ጽናት ማለት ከቶ አለመውደቅ ማለት ብቻ አይደለም። እንዲህ ቢሆን ከእመቤታችን ከቅድስት ድንግል ማርያም በቀር ማን ጽኑዕ ይባል ነበር? ጽናት ማለት ውድቀትን ማደሪያ አለማድረግ፥ በወደቁበት ቤት ሠርቶ አለመቀመጥ ነው። የሚነሣ ሰው ምንም እንኳ ጉልበቱ ቢቈስል አሁንም መንገደኛ ነው።

ታዲያ ኃጢአት ቀላል ነውን?

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ መቃወሚያ ይነሣል። «በሩ ሁልጊዜ ክፍት ከሆነ ዛሬ ማን ይጠነቀቃል? እየበደሉ መናዘዝ፥ እየተናዘዙ መበደል ልማድ አይሆንምን?» ይህ መቃወሚያ እውነት አለበት። በምሕረት መመካትና በምሕረት መድፈር አንድ አይደሉም፤ ቤተ ክርስቲያንም ተስፋ መቍረጥን እንደምታወግዝ ሁሉ ድፍረትንም ታወግዛለች።

የትሬንቶ ጉባኤ በ1551 ስለ ምሥጢረ ንስሐ ሲያስተምር፥ እውነተኛ ጸጸት ስለ ተሠራው ኃጢአት የሚሰማ የነፍስ ሐዘንና ጥላቻ ሆኖ፥ ወደ ፊት ኃጢአትን ላለመሥራት ከሚደረግ ቍርጥ ፈቃድ ጋር እንደሆነ ገልጿል። እንግዲህ ጥያቄው «ነገ እንደማልወድቅ እርግጠኛ ነኝን?» የሚል አይደለም፤ «ዛሬ ላለመውደቅ እፈቅዳለሁን?» የሚል ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1996 ለካርዲናል ዊሊያም ባውም በላኩት መልእክት ይህንኑ አብራርተዋል፤ ተናዛዡ እንደገና እወድቃለሁ ብሎ መፍራቱ፥ የሚቻለውን ለማድረግ እስከ ወሰነ ድረስ፥ የፈቃዱን እውነተኛነት አያፈርስም።

መፍራትና ማሰብ፥ መስጋትና ማቀድ የተለያዩ ናቸው። ይህንንም በዕለታዊ ኑሯችን እንመልከተው። ደመወዝ በተቀበለ ቍጥር አረቄ ቤት ገብቶ የልጆቹን ቀለብ የሚያጠፋ አንድ አባት አለ እንበል። ይናዘዛል፤ «ዳግመኛ እንዳልወድቅ እፈራለሁ» ይላል። ይህ ሰው በሚቀጥለው ወር ደመወዙን እንደ ተቀበለ ለባለቤቱ ቢሰጥ፥ በአረቄው ቤት ደጅ የሚያልፈውን መንገድ ትቶ በሌላ መንገድ ቢሄድ፥ ከመጠጥ ጓደኞቹም ቢለይ፥ ምናልባት ከሦስት ወር በኋላ ቢሸነፍ እንኳ ቍርጥ ፈቃዱ እውነተኛ ነበረ። ነገር ግን በዚያው መንገድ፥ ገንዘቡን በዚያው ኪስ ይዞ፥ «ለፋሲካ እናዘዛለሁ» እያለ ቢሄድ፥ ያዘጋጀው ውድቀቱን እንጂ ንስሐውን አይደለም።

ሚዛን የሚያሳስት ነጋዴም እንዲሁ ነው። «ድሀውን በድያለሁ» ብሎ በእንባ ቢናዘዝ መልካም ነው፤ ነገር ግን የተጓደለው የብረት መመዘኛ ነገም በሱቁ ውስጥ ካለ እንባው አልደረሰም። ዘኬዎስ ያታለለውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሎ ሲነሣ፥ ንስሐው ከልቡ ወደ ከረጢቱ እንደ ደረሰ ታየ። ከጎረቤቱ የእርሻ ድንበር የገፋ ሰውም ድንጋዩን ወደ ቦታው ሳይመልስ ይቅርታ ብቻ ቢለምን፥ ይቅርታን ሳይሆን ዝምታን ይለምናል። ከኃጢአት መመለስ በአንደበት ተጀምሮ በእጅና በእግር ይፈጸማል።

ወረቀት የለወጡት እኅቶቻችን

የዚያ ጥንታዊ ወረቀት ጉዳይ በእኛም ዘመን በሌላ መልክ ይገኛል። ከአገራችን ለቤት ሥራ ወደ ዐረብ አገሮች ከሄዱት እኅቶቻችን መካከል ሥራውን ለማግኘት ሲሉ የክርስትና ስማቸውን ትተው፥ ሃይማኖታቸውንም በወረቀት ላይ ለውጠው የተጓዙ እንዳሉ የታወቀ ነው። ከእነርሱ መካከል ሌሊት በተዘጋ ክፍል ውስጥ አማትበው የሚጸልዩ፥ ሲመለሱ ግን «እኔ የካድሁ ነኝ» ብለው ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚሸሹ አሉ።

ለእነዚህ ምን እንበላቸው? ቅዱስ ቆጵርያኖስ ያስተማረንን ሁለቱንም ነገር እንበላቸው። በአንድ በኩል ወረቀቱ ከንቱ ነገር አይደለም፤ ስለ ክርስቶስ የተነገረ ሐሰት ሕሊናን ያቈስላልና፥ ቍስሉም ሳይከደን በካህኑ ፊት ሊገለጥ ይገባዋል። በሌላ በኩል ድህነት፥ ፍርሃት፥ የደላላ ግፊትና የነገሩን ክብደት አለማወቅ የበደለኛነትን መጠን እንደሚቀንሱ ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች፤ ሁሉም በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። ከዚህም ጋር እኛ ቤተ ሰቦቻቸውና ጎረቤቶቻቸው፥ በብድር ሸኝተናቸው የላኩትን ገንዘብ ስንቀበል ስለ ነፍሳቸው ምን ያህል እንደ ጠየቅን ራሳችንን መመርመር ይገባናል። ገንዘቡን የተቀበለ ቤት ልጂቱን ከነቍስሏ መቀበልም ግዴታው ነው።

የጸኑትስ?

በካርታጎ ከእስር ቤት ሰንሰለቱ የላጠውን ቍርጭምጭሚቱን ይዞ የወጣ ሰው፥ ከዚያ መሠዊያ ዕጣን ካጠነው ጎረቤቱ ጋር በአንድ ጽዋ ሲቀርብ ምን ተሰማው ይሆን? በእኛም ቁምስና በድህነት ውስጥ ሆኖ እጁን ያላሳደፈ፥ በጋብቻው ታምኖ የኖረ፥ ሰንበትን ያልሻረ ምእመን፥ ሌላው በዓመት አሥር ጊዜ ወድቆ አሥር ጊዜ ሲቀበሉት ሲያይ ልቡ ቢከፋ አይደንቅም። የጠፋው ልጅ ታላቅ ወንድም በዚሁ ምክንያት ከደጅ ቀርቷል። አባቱ ግን አልገሠጸውም፤ ወጥቶ ለመነው። ሁልጊዜ በአባት ቤት መኖር ራሱ ዋጋ መሆኑን አሳሰበው።

የጸና ሰው የወደቀው ሲነሣ ከእርሱ የሚጐድልበት ነገር የለም። ይልቁንም የጽናቱ ፍሬ የሚታየው የወደቀውን ለመሸከም ትከሻ ሲኖረው ነው። «የወደቀ ግንድ ምሣር ይበዛበታል» ይላሉ አበው። በዓለም እንዲህ ነው፤ በክርስቲያኖች ማኅበር ግን እንዲህ መሆን የለበትም። አንድ ሰው መውደቁ በተሰማ ጊዜ በየቡናው ሥነ ሥርዓት ስሙ የሚነሣ ከሆነ፥ የሚናዘዝበትን በር የዘጋነው እኛ ነን።

በተለይም እናንተ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፥ ሕፃናቱንና ንኡሰ ክርስቲያኑን ስለ ንስሐ ስታስተምሩ ሦስት ነገር አትርሱ። አንደኛ፥ ካህኑ የኑዛዜን ምሥጢር በማናቸውም ምክንያት እንደማይገልጥ አስረግጣችሁ ንገሯቸው፤ ብዙዎች የሚሸሹት ከእግዚአብሔር ሳይሆን ከሰው ወሬ ነውና። ሁለተኛ፥ የኃጢአቱን ስም ብቻ ሳይሆን የኃጢአቱን መንገድ፥ ማለትም ስፍራውን፥ ሰዓቱንና ጓደኛውን እንዲመረምሩ አልምዷቸው። ሦስተኛ፥ ቶሎ መነሣትን አስተምሯቸው፤ በሰኞ የወደቀ ሰው እስከ ዐቢይ ጾም መጨረሻ የሚጠብቅበት ምክንያት የለም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው፥ በየቀኑ የምትጸለይ አጭር ጸሎትና በየጊዜው የሚደረግ ኑዛዜ፥ በዓመት አንድ ጊዜ ከሚደረግ ታላቅ ልቅሶ ይልቅ ሰውን ያጸናሉ።

ጽናት ስጦታ ነው

በመጨረሻም ጽናት በእኛ ጥረት ብቻ የሚገኝ እንዳልሆነ እንወቅ። ቅዱስ አውግስጢኖስ በዕድሜው መጨረሻ አካባቢ ስለዚሁ ነገር መጽሐፍ ሲጽፍ የጽናት ስጦታ ብሎ ሰየመው፤ የትሬንቶ ጉባኤም በ1547 እስከ መጨረሻ መጽናትን ታላቅ ስጦታ ብሎ ጠርቶታል። ስጦታ ከሆነ ይለመናል እንጂ አይገዛም፤ ማንም በእጁ እንዳለ ቈጥሮ አይመካበትም፤ ማንም ደግሞ ለእኔ አልተመደበም ብሎ ተስፋ አይቈርጥም።

ከአገራችን ልጆች ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ለዚህ ምስክራችን ናቸው። በጎጃም ተወልደው በመርጡለ ማርያም የመነኰሱት እኒህ አባት እውነትን በመፈለግ ብዙ ዓመታት ደክመዋል፤ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያንን የተቀበሉት በ1844፥ ዕድሜያቸው ከሃምሳ ካለፈ በኋላ ነው። በ1851 በቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ እጅ ቅስና ተቀበሉ። ከዚያም ታስረውና ተደብድበው፥ በሰንሰለት ከሠራዊት ጋር እየተንገላቱ በ1855 ዐረፉ፤ በ1926 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ብፅዕናቸውን አወጁ። ፈተናቸው የአንድ ቀን ፈተና አልነበረም። ወራት ያህል በየማለዳው እንደገና «አዎን» ማለት ነበረባቸው። ጽናት እንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር ነው፤ አንድ ጊዜ ተወስኖ የሚያልቅ ሳይሆን በየማለዳው ከእግዚአብሔር እጅ የሚቀበሉት የዕለት እንጀራ ነው።

በመጀመሪያ ያነሣነውን ጥያቄ እንግዲህ እንመልስ። ደጋግሞ የሚወድቅ፥ ደጋግሞም በእውነት የሚነሣ ሰው በምሕረት ላይ አይቀልድም፤ በምሕረት ይኖራል። በምሕረት ላይ የሚቀልደው ለመነሣት ሳያስብ የሚወድቅ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ደግሞ ምሕረቱ ለእርሱ እንዳለቀ ቈጥሮ በወደቀበት የሚቀር ነው። ከኋላ ቆመህ ቅዳሴውን የምትሰማ ወንድማችን፥ አንቺም ደጁን ተሳልመሽ የምትመለሽ እኅታችን፥ ካህኑ በኑዛዜ ስፍራ ተቀምጦ ይጠብቃችኋል። በመጨረሻ የተናዘዛችሁበት ጊዜ ስንት ዓመት እንደ ሆነው ባታስታውሱም ግቡ።

ጸጋን የሚጀምርና የሚፈጽም እግዚአብሔር ለወደቁት መነሣትን፥ ለቆሙት ትሕትናን፥ ለሁላችንም እስከ መጨረሻ መጽናትን ይስጠን። አሜን።